ጄሶ የገባበት ከረሜላና የኛ የቲክቶክ ችሎት

ዛሬ ረዘም አድርጌ ነው የምጽፈው። አሁን ጊዜ የሌላችሁ ሴቭ አድርጉትና ማታ ተመለሱበት። ግን ሳታነቡ ኮሜንት አትስጡ፣ አደራ።

በርበሬ ውስጥ የተፈጨ ሸክላ ተገኘ፣ ቅቤ ከሙዝ ጋር ተቀላቅሎ ተያዘ፣ እንጀራ ውስጥ ጄሶ ገባ የሚል ዜና በወጣ ቁጥር ከስሩ አንድ ኮሜንት አይጠፋም። «የኛ ሰው ነው እንጂ ፈረንጅ እንዲህ አያደርግም። እነሱ ጋ ነጋዴ ስሙን ያከብራል» የሚል። ላይኩ ጉድ ነው።

ሌላም አለ። አንዲት እናት ከሱቅ የሕፃን ወተት በነጠላዋ ሸሽጋ ስትወጣ ካሜራ ያዛት ተብሎ፣ ፊቷ እንኳ ሳይሸፈን ቪዲዮዋ ይለቀቃል። ከስሩ ደግሞ «ይበላት! ሌባ እንዲህ ካልተዋረደ አይማርም» ይባላል።

ብዙ ጊዜ ሁለቱንም የሚጽፈው አንድ ዓይነት ሰው ነው። ባለሱቅ ሲያጭበረብር ስለ ጠባያችን ያለቅሳል፤ ድሃ ስትሰርቅ ግን ዳኛ ይሆናል። እኔ ሁለቱም አባባሎች ውሸት ናቸው እላለሁ። ውሸትነታቸውን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ያንኑ የምታደንቁትን የእንግሊዝ ባለሱቅ ታሪክ መግለጥ ይበቃል። ከ1837 እስከ 1901 ንግሥት ቪክቶሪያ የነገሡበትን ዘመን ማለቴ ነው፤ አፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤ የጻፉላቸው እኚያው ቪክቶሪያ። እንግሊዝን የምጠቅስባቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

እስቲ ከምግቡ እንጀምር።

በ1850ዎቹ መጀመሪያ አርተር ሂል ሃሳል የሚባል ሐኪም ከለንደን ሱቆች ምግብ እየገዛ በማይክሮስኮፕ ይመረምር ነበር። 49 የዳቦ ናሙና መረመረ፤ በሁሉም ውስጥ አሉም የሚባለው ማዕድን ተገኘ። አሉም ምን ያደርጋል? ርካሹን ዱቄት ያነጣዋል። የድሃው ዳቦ የሀብታም ዳቦ ይመስላል፣ በዚያው ዋጋ ይሸጣል። 34 የቡና ናሙና መረመረ፤ ንጹሑ 3 ብቻ ነበር። በ31ዱ ውስጥ ቺኮሪ የሚባል ተክል ሥሩ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ ገብቷል። ቡና ነው እንግዲህ! ወተቱ በውሃ ቀጥኗል። የአንዳንዱ የልጆች ከረሜላ ቢጫ ቀለም ደግሞ ከሊድ የተሠራ መርዝ ነበር።

ይሄን የሚሸጠው ጨለማ ውስጥ የተደበቀ ወንበዴ አይደለም። በሩ ላይ ስሙን በትልቁ ያስጻፈ፣ ሰንበት የማያፈርስ፣ በሰፈሩ ባርኔጣ የሚነሳለት ባለሱቅ ነው። «ስሙን ያከብራል» ላላችሁት፣ አዎ፣ ያከብር ነበር። ግን ያከበረው በሩ ላይ የተጻፈውን ስም ነው እንጂ ከረጢቱ ውስጥ ያለውን ዱቄት አልነበረም።

ለምን እንዲህ ሆነ? ሰዎቹ ክፉ ስለነበሩ ነው? አይደለም። ጎረቤቱ ያለው ዳቦ ጋጋሪ አሉም ጨምሮ በሳንቲም ቀንሶ ሲሸጥ፣ ንጹሕ ዳቦ የሚጋግረው ሁለት ምርጫ ነው ያለው። ወይ እሱም ይጨምራል፣ ወይ ይዘጋል። በ1869 የንግድ ሚኒስትር የነበረው ጆን ብራይት ራሱ ጉዳዩ ከገበያ ውድድር የሚመጣ ነው ብሎ በፓርላማ ተናግሯል። እሱ ይሄን ያለው ነገሩን ለማቃለል ነው፤ እኔ ግን ከአፉ ልውሰደው። ማጭበርበር የዘር ጉዳይ ሳይሆን የሒሳብ ጉዳይ ነው። የሚያጭበረብር እያተረፈ፣ የማያጭበረብር እየከሰረ ባለበት ገበያ ውስጥ ለንደንም አዲስ አበባም አንድ ናቸው።

ጄሶ ያልኳችሁን አልረሳሁም።

ጥቅምት መጨረሻ 1858፣ ብራድፎርድ ከተማ፣ ቅዳሜ ገበያ ላይ። ዊልያም ሃርዳከር የሚባል የጉልት ነጋዴ ከረሜላ ይሸጣል። ከረሜላውን የሚሠራለት ጆሴፍ ኒል ነው። በዚያን ጊዜ ስኳር ውድ ስለሆነ ከረሜላ ሠሪዎች ከስኳሩ ጋር ጄሶ መቀላቀል ለምደዋል። ጄሶ መሆኑ እንዳይነገር የራሱ የገበያ ስም ነበረው። ኒል ጄሶ እንዲመጣለት ሰው ወደ አንድ መድኃኒት ቤት ላከ። ባለቤቱ ታሞ ተኝቷል፤ ሱቁን የያዘው ወጣት ረዳቱ ነው። ረዳቱ ከተሳሳተ በርሜል ውስጥ 12 ፓውንድ፣ ማለትም ከ5 ኪሎ በላይ ነጭ ዱቄት መዝኖ ሰጠ። አርሴኒክ ነበር።

ከረሜላው ተሠራ። ሲሠራ የነበረው ሰውዬ ታመመ፤ ማንም ልብ አላለም። ሃርዳከር ሲረከብ መልኩ ከወትሮው ለየት ብሎ አየው። ምን ያደረገ ይመስላችኋል? ዋጋ አስቀነሰ። ከዚያ ለሕዝብ ሸጠው። 20 ያህል ሰዎች ሞቱ፣ ብዙዎቹ ሕፃናት ናቸው። ከ200 በላይ ታመሙ።

ሦስት ሰዎች፣ ማለትም ከረሜላ ሠሪው፣ ረዳቱና የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ተከሰሱ። የተቀጣ ሰው ስንት ይመስላችኋል? አንድም የለም። የሁለቱ ክስ ተቋረጠ፣ ባለቤቱ ቀርቦ ነፃ ወጣ። ለምን? አርሴኒኩ በስህተት ነው የገባው። ጄሶውስ? ከረሜላ ውስጥ ጄሶ መጨመር በጊዜው ወንጀል አልነበረም! ሕጉ የሚያውቀው ስህተቱን ብቻ ነው። ልማዱን፣ ያንን ሁሉ ሰው የገደለውን የዕለት ተዕለት ማጭበርበር፣ ሕጉ አያየውም ነበር።

እንግዲህ «እነሱ ጋ ነጋዴ ስሙን ያከብራል» የምትሉት አገር ይሄ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልምጣ። ታዲያ ምን ቀየራቸው? ሰባኪ አይደለም የቀየራቸው። «ኅሊና ይኑረን» የሚል ፖስትም አይደለም።

መጀመሪያ ስም መጥራት ሞከሩ። ከቪክቶሪያ በፊት በ1820 ፍሬድሪክ አኩም የሚባል ለንደን የሚኖር ጀርመናዊ ኬሚስት ስለ ምግብ መቀላቀል መጽሐፍ አወጣ፤ የተቀጡ ነጋዴዎችን በስማቸው ጠቀሰ። ብዙም ሳይቆይ ከቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ገጽ ገንጥሏል ተብሎ ተከሰሰ። ስሙ ጠፋ፤ በ1821 አገር ለቆ ወደ ጀርመን ሄደ። ስም የጠራው ሰው የራሱ ስም ተበላ ማለት ነው። ነገሩ የነጋዴዎች በቀል ነው ብለው የጠረጠሩ ብዙ ናቸው።

ሃሳል ከሰላሳ ዓመት በኋላ ሲመጣ ከዚህ የተሻለ መንገድ ያዘ። እዚህ ላይ በደንብ ስሙኝ፤ የኛ የቲክቶክ ዳኞች የሚስቱት ይሄን ነው። ሃሳል የሠራው ላንሴት ለሚባለው የሕክምና መጽሔት ሲሆን አዘጋጁ ቶማስ ዋክሊ ነበር። መጀመሪያ ዕቃውን ይገዛሉ። የት እንደተገዛ፣ በስንት እንደተገዛ ይመዘግባሉ። ይመረምራሉ። ከዚያ በኋላ ነው የባለሱቁን ስምና አድራሻ የሚያትሙት። ደግሞም ንጹሕ ሆኖ የተገኘውንም ባለሱቅ ስም ያትሙ ነበር! በ1843 የወጣው የስም ማጥፋት ሕግ የወንጀል ክስ ላይ እውነት መናገር ብቻውን አይበቃም ይል ነበር፤ መታተሙ ለሕዝብ የሚጠቅም መሆኑንም ማስረዳት አለብህ። እነሃሳል በዚህ ሕግ ስር ሆነው ነው የጻፉት። ማስረጃ ሳይዙ አንድ ሰው ላይ ጣት ቢቀስሩ ራሳቸው ይጠፉ ነበር።

ግን ስም መጥራት ብቻውን በቃ? አልበቃም። ከብራድፎርድ በኋላ በ1860 ሕግ ወጣ። ሕጉ ጥርስ አልነበረውም። ከተሞች መርማሪ ባለሙያ መቅጠር ይችላሉ ይላል እንጂ አለባቸው አይልም፤ አብዛኞቹም አልቀጠሩም። የተጭበረበረው ገዢ ራሱ ነው ከፍሎ የሚያስመረምረው። የትኛው ድሃ ነው ለአንድ ዳቦ የላቦራቶሪ ክፍያ የሚከፍለው? ይባስ ብሎ ሻጩ እያወቀ መሸጡን ማስረዳት ያስፈልጋል። ሁሉም ባለሱቅ «አላውቅም ነበር» ካለ በቃ፣ አለቀ።

ጥርስ ያወጣው የ1875ቱ ሕግ ነው። ሻጭ ገዢው የጠየቀውን ዓይነትና ጥራት ካልሰጠ ቅጣት አለበት አለ፤ «አላውቅም» የምትለው መውጫ ጠበበች። እኔ ግን ከሁሉ በላይ የምወድለት ስለ ናሙና የተጻፈውን ነው። ተቆጣጣሪው ዕቃውን ከገዛ በኋላ ባለሱቁ ፊት ለሦስት ለመክፈል ይጠይቀዋል። ሦስቱም ይታሸጋሉ። አንዱ ወደ መርማሪው ይሄዳል። አንዱ ባለሱቁ ዘንድ ይቀራል። ሦስተኛው ደግሞ ይቀመጣል፤ ክርክር ከተነሳ በመንግሥት ኬሚስቶች ይመረመራል።

ለምን ሦስት? ሕጉ የፈራው አጭበርባሪውን ብቻ ስላልሆነ ነው። የሐሰት ክስንም ፈርቷል። ምቀኛ ጎረቤትን፣ ጉቦ የሚፈልግ ተቆጣጣሪን፣ የተሳሳተ ምርመራን ፈርቷል። ሐቀኛው ባለሱቅ «ያችን ሦስተኛዋን ክፈቱልኝ» ብሎ ስሙን ማዳን ይችላል። የነጋዴ ስም እውነተኛ ዋጋ ያገኘው ያኔ ነው፤ ሊመረመር የሚችል ስም ሆነ።

የኛ የቲክቶክ ችሎት ሦስተኛ ናሙና አለው? የለውም። ሃያ ሰከንድ ቪዲዮ አለው። ከየት እንደተቀረጸ፣ መቼ እንደተቀረጸ፣ ማን እንደቆረጠው አይታወቅም። አንድ ባለሱቅ ዘይቱ ውስጥ ባዕድ ነገር ጨምሯል ተብሎ ስሙ በአንድ ቀን ይጠፋል፤ በማግሥቱ ውሸት መሆኑ ቢታወቅ ማስተባበያውን ማን ሼር ያደርገዋል? ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የምንል ሰዎች የሰውን ስም በአንድ ጣት እንቀብራለን።

አሁን ወደ ሌባዋ ልሂድ። «ፈረንጅ አገር ሕግ ጠንካራ ነው፣ ለሌባ ምሕረት የለም» ለምትሉ።

ጠንካራ ሕግ ሞክረውታል። በ1699 የወጣ ሕግ ከሱቅ ውስጥ ተደብቆ 5 ሽልንግ ወይም ከዚያ በላይ የሚያወጣ ዕቃ የሰረቀ በሞት ይቀጣ ይል ነበር። 5 ሽልንግ የፓውንድ ሩብ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ሕግ ሆኖ ቆየ። ምን ሆነ? ጁሪዎቹ አንዲትን ልጅ ለጨርቅ ሲሉ ማሰቀል ስላስጨነቃቸው የዕቃውን ዋጋ እየቀነሱ ከ5 ሽልንግ በታች ነው ይሉ ጀመር። ብዙ ባለሱቆችም ሰው ይሰቀልብናል ብለው መክሰስ ተዉ። የመጨረሻ ከባዱ ቅጣት ሌብነትን ሳይሆን ፍርድን አጠፋ። ሳሙኤል ሮሚሊ የሚባል የፓርላማ አባል ሕጉን ለማሻር ደጋግሞ ታገለ፣ ሳያየው ሞተ። የሞት ቅጣቱ የተነሳው በ1820ዎቹ ነው።

በቪክቶሪያ ዘመን ስቅላቱ ቀርቷል። ግን ድሃ ቀለል ተደርጎ ታየ እንዳትሉ። ለሌላ ዓይነት ስርቆት ሰው በመርከብ ወደ አውስትራሊያ ይጋዝ ነበር፤ የመጨረሻዋ የእስረኛ መርከብ የደረሰችው በ1868 ነው። ከ1855 ጀምሮ ከ5 ሽልንግ በታች የሆነ ስርቆት ተከሳሹ ከተስማማ በሰፈር ዳኛ ፊት በአጭሩ እየታየ እስከ ሦስት ወር ያስቀጣ ነበር። በ1870ዎቹ መጀመሪያ ለንደን ዋንድስዎርዝ እስር ቤት ፎቶ የተነሱ እስረኞች መዝገብ ዛሬም አለ። ዕድሜያቸው ከ10 ብዙም ያላለፈ ልጆች አሉበት፤ በጥቃቅን ስርቆት ከከባድ ሥራ ጋር የታሰሩ። ፊታቸውን ፈልጋችሁ እዩት።

አሁን ሌላ ሌባ ላሳያችሁ። በ1896 ከሳን ፍራንሲስኮ የመጡ ካስል የሚባሉ ሀብታም ባልና ሚስት ለንደን ውስጥ ትልቅ ሆቴል አርፈዋል። ሰውዬው የሻይ ነጋዴ ነው። ፖሊስ ክፍላቸውን ሲፈትሽ ከብዙ ሱቆች የተወሰዱ ዕቃዎች፣ ውድ የፀጉር ልብስ ሳይቀር ተገኘ። ሴትዮዋ ጥፋተኛ ነኝ ብላ አመነች። ሦስት ወር ተፈረደባት። ከቀናት በኋላ ግን በአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ትእዛዝ ተፈታች። ሐኪሞች «ታማለች» ብለው መስክረውላት ነበር። በሽታው ስም አለው፣ ክሌፕቶማኒያ፤ የመስረቅ አባዜ ማለት ነው።

በሽታ የለም አልልም። ሐኪም አይደለሁም። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ርቦት ዳቦ የሰረቀውን ልጅ የትኛው ሐኪም መጥቶ መረመረው? ረሃብስ ሕመም አይደለም? ሐር ለብሳ የሰረቀች ታማለች፣ ቡትቶ ለብሳ የሰረቀች ሌባ ናት። እንግሊዞቹ ራሳቸው በጊዜው ይሄን አድልዎ አይተው አጉረምርመዋል። እኛም ያው ነን። ሚሊዮን የበላ «ተጠርጣሪ» ነው፤ ፊቱን አናይም፣ «አቶ» ብለን እንጠራዋለን። ወተት የያዘች እናት ግን ፊቷ ይለጠፋል፣ ልጆቿ ትምህርት ቤት ሲሄዱ «የሌባዋ ልጅ» ይባላሉ። አስተማሪ ነኝ፣ ክፍል ውስጥ ልጅ በቤተሰቡ ስም ሲሸማቀቅ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ትምህርት የሚባል ነገር ከዚያ በኋላ ጭንቅላቱ አይገባም።

ዱቤውንም ላንሳ፣ እሱም የሱቅ ነገር ነው። ጸሐፊው ቻርልስ ዲክንስ በ12 ዓመቱ ጫማ ቀለም ፋብሪካ ገብቶ ሠርቷል። በ1824 አባቱ ለአንድ ዳቦ ጋጋሪ 40 ፓውንድ ከ10 ሽልንግ መክፈል አቅቶት ማርሻልሲ የሚባለው የባለዕዳ እስር ቤት ገብቷል። ነጋዴ የሆነ ባለዕዳ ኪሳራ አውጆ ከዕዳው የሚወጣበት የሕግ በር ነበረው፤ ነጋዴ ላልሆነው ያ በር የተከፈተው በ1861 ነው። በዕዳ መታሰር ቀረ የተባለው በ1869 ሲሆን፣ ከዚያም በኋላ ትንንሽ ዕዳ ያለባቸው ሠራተኞች በሺህ እየተቆጠሩ በትንሹ ፍርድ ቤት በኩል ይታሰሩ ነበር። እዚህም ያው ነው፤ ሕጉ በወረቀት አንድ፣ በበሩ ሁለት።

«እሺ ቲቸር፣ መንግሥት ካልሠራ ሕዝቡ ምን ያድርግ? ቲክቶክ ባይኖር ማን ይሰማናል?» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ጥያቄው ትክክል ነው። ሃሳልም እኮ መንግሥት አልነበረም። ዝም በሉ አላልኩም። እንደ ሃሳል ጩኹ ነው የምለው። ደረሰኝ ያዙ። ዕቃው የት፣ መቼ፣ በስንት እንደተገዛ መዝግቡ። ከመክፈታችሁ በፊት ግማሹን አስቀምጡ። አስመርምሩ፣ ወይም ለሚመለከተው በጽሑፍ አመልክቱ፤ ምላሽ ካላገኛችሁ ያንን ለጥፉ። ምላሽ የከለከለውን መሥሪያ ቤት መጠየቅ ሃያ ሰከንድ ቪዲዮ ከመልቀቅ ይከብዳል፤ ለዚህ ነው ብዙዎቻችን የማናደርገው።

ሌላም መንገድ አለ። በ1844 ሮችዴል በምትባል ከተማ 28 ሰዎች፣ ብዙዎቹ ሸማኔዎች፣ ተሰባስበው የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ። ቅቤ፣ ስኳር፣ ዱቄት፣ አጃ። ሕጋቸው ያልተቀላቀለ ዕቃ፣ ሙሉ ሚዛን፣ ዱቤ የለም። ትርፉ ለገዢው ይከፈላል። ሻጩና ገዢው አንድ ሲሆን ራሱን የሚመርዝ የለም። ዛሬ በየወረዳችን ያለው የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር የዚያ ሐሳብ የልጅ ልጅ ነው። ስንቶቻችን ነን አባል ሆነን ስብሰባው ላይ ሄደን ሒሳብ የምንጠይቀው? ስኳር መጣ ሲባል ብቻ ነው የምንሰለፈው።

«ሕግ አለን» ለምትሉም፣ አለን። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አለ፣ የወንጀል ሕጉም አለ። እንግሊዝም በ1860 ሕግ ነበራት። ጥያቄው ናሙና የሚወስድ ሰው አለ ወይ፣ ላቦራቶሪው ይደርሳል ወይ፣ ውጤቱ ለሕዝብ ይነገራል ወይ፣ ንጹሕ የተገኘውስ ይመሰገናል ወይ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። እኛ ከሥሩ ሳይሆን ከኮሜንቱ ነው የምንጀምረው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ። አንደኛ፣ ሌብነትንና ማጭበርበርን የዘርና የጠባይ ጉዳይ ማድረግ ተዉ፤ ራሳችንን በሰደብን ቁጥር የሚጠቀመው ያው ጄሶ ቀላቃዩ ነው፣ «የኛ ሰው እንዲህ ነው» ብለን ስንተክዝ እሱ ይሸጣል። ሁለተኛ፣ ያልተመረመረ ነገር ይዛችሁ የባለሱቅን ስም አታጥፉ፤ የተመረመረ ይዛችሁ ደግሞ ዝም አትበሉ። ሦስተኛ፣ ያችን ወተት የያዘች እናት ቪዲዮ ስታዩ ሼር አታድርጉ። ጥፋተኛ ከሆነች ፍርድ ቤት አለ። ከታች የሚጻፈው «ይበላት» ግን የማንም ፍርድ አይደለም።

የተማሪዎቼ የሆናችሁ፣ በተለይ ንግድ ላይ ያላችሁ፣ ሐሳባችሁን ጻፉልኝ። የማልስማማበትንም አነባለሁ። ስድብ ግን አጠፋለሁ። ሰላም እደሩ።